ፍጥነት ሜዳ ሲያገኝ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ቁጥር 7 ሊዝበርግንና ፐርሰልቪልን አልፋችሁ ስትሄዱ፣ ፎቁና የገበያ አዳራሹ እየሳሳ የፈረስ ግጦሹና የፖም እርሻው እየበዛ ይመጣል። ቀጥሎ ብሉ ሪጅ የተባለው የተራራ ሰንሰለት ከፊት ይጋረጣል። ሰማያዊ ሸንተረር እንደማለት ነው፤ ማለዳ ከሩቅ ላየው ሰው ስሙ ልክ ነው። ተራራውን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወረድ የሸናንዶዋ ወንዝ ይገኛል። ከድልድዩ ማዶ በቤሪቪል ከተማ በኩል ወደ ሰሜን ታጥፈን ጥቂት እንደተጓዝን የቨርጂኒያ ግዛት አብቅቶ ዌስት ቨርጂኒያ ጀመረ። እዚያ ጀፈርሰን በሚባለው አውራጃ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ከአሌክሳንድሪያ ከተማ ተነስተን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀብን።

ወሩ መስከረም ነበር። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ ከብት ተኝቶ ያመሰኳል፤ የእንጨት አጥር መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ለአዛውንት ዕረፍት የሚመርጡት ዓይነት አገር ነው። ከመንደሩ ጥቂት አለፍ ብሎ ግን ከዛፎቹ ጀርባ የሞተር ጩኸት ይሰማል። ሰሚት ፖይንት የሞተር ስፖርት ሜዳ የሚባለው እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ የመኪና መሽከርከሪያ መንገዶች አሉ። ዋናው 2 ማይል፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 10 ኩርባና አንድ ረጅም ቀጥታ መንገድ አለው። ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ መኪና የለም፤ የሚሻገር እግረኛም፣ ኳስ ተከትሎ የሚወጣ ሕፃንም የለም።

እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የመጨረሻ ልጄ ነው። ዕድሜው 29፣ ሥራው ኮምፒውተር ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ለዚህ ሜዳ ብቻ የምትሆን መኪና ሲሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ነገሩን የሰማሁት እዚያው ከምትኖረው ታላቅ እህቱ ነው። «እማዬ፣ የመኪና ሞተር አውጥቶ ሌላ ትልቅ ሞተር እየከተተ ነው። አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል፤ መጥተሽ አስቁሚው» አለችኝ። እናንተም ልጆች ያሏችሁ ይህን ዓይነት ስልክ ታውቁታላችሁ።

የነርስ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ በኋላ ካገለገልኩባቸው ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፍኩት በድንገተኛ ክፍል ነው። የመኪና አደጋ ምን እንደሚመስል ከጋዜጣ አልተማርኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ገዳይ ይኸው ነው። ልጄ የዚያ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ቆሞ ነው ሞተር የሚያስገባው። ስለዚህ ስሄድ ሁለት ነገር ይዤ ሄድኩ፤ ለቤቱ በርበሬና ሽሮ፣ ለእሱ ደግሞ ብዙ ጥያቄ።

ጋራዡ ውስጥ

መኪናዋ ማዝዳ ሚያታ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነ የጃፓን መኪና ናት። ቁመቷ ከደረቴ አይደርስም። የልጄ የ1990 ሞዴል ነች። ስትሠራ የነበራት ሞተር 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱ 116 የፈረስ ጉልበት ነበር። ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ልጄ ደግሞ ምንጣፉን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሬዲዮኑንና የተሳፋሪ ምቾት የተባለውን ሁሉ አውጥቶ ይበልጥ አቅልሏታል።

አዲሱ ሞተር ሆንዳ ኬ24 የሚባል ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሲሆን አኩራ ቲኤስኤክስ በተባለች የሆንዳ መኪና ውስጥ 200 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ልጄ ያገኘው የተጋጩ መኪኖች ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ፣ ከኋላ ከተገጨች መኪና ላይ ነው። «ለምን ፈጣን መኪና ገዝተህ አትገላገልም?» ብዬ ጠየቅሁት። መልሱ አጭር ነበር። ቀላል መኪና ፍሬኗም ጎማዋም ቶሎ አይደክምም፤ ሞተሩ ደግሞ ጠንካራና በየቦታው የሚገኝ ስለሆነ ቢበላሽ ሌላ ለማግኘት አይቸገርም። አሮጌው የማዝዳ ሞተር ብሎኩ ብረት፣ የሆንዳው አሉሚኒየም በመሆኑ ሞተሩ በትልቅ ቢቀየርም የመኪናዋ ክብደት ብዙ አልጨመረም።

ሞተር የሰጠችውን መኪና እነሱም «ለጋሽ» ይሏታል። እኔ ቃሉን ሆስፒታል ውስጥ ነው የማውቀው። ነገሩ እየገባኝ ሲሄድ ንጽጽሩ ጆሮ ላይ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ አየሁ። ሞተሩን በሰንሰለት አንስቶ ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ወራት የሚፈጀው እሱን ከቀረው አካል ጋር ማስማማቱ ነው። የሆንዳው ሞተር የተሠራው ጎን ለጎን ተጋድሞ የፊት ጎማዎችን እንዲያዞር ነው። በሚያታ ውስጥ ግን ቁመቱን ይዞ መቀመጥና የኋላ ጎማዎችን ማዞር አለበት። ስለዚህ ሞተሩን ከማዝዳው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኝ ወፍራም የብረት ሳህን ያስፈልጋል። የሞተሩ መቀመጫ ይቀየራል። የዘይት መያዣው ከመሪው ዘንግ ጋር እንዳይጋጭ ቅርጹ ይለወጣል። የጭስ መውጫው እንደ አዲስ ይበየዳል። የውኃ ቱቦዎቹ አዲስ መንገድ ይፈለግላቸዋል። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ሽቦው ይመጣል። የማዝዳው መኪና የሆንዳውን ሞተር ቋንቋ ስለማያውቅ ሁለቱን የሚያነጋግር ኮምፒውተር ይገባል። ልጄ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀለም ለይቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጽሑፍ ለጥፎ በደብተር መዝግቧል። ደብተሩን ሳገላብጥ የበሽተኛ ካርድ የማነብ መሰለኝ።

ጋራዡ ውስጥ ያስደሰተኝ ሌላ ነገርም ነበር። ልጄ «ክላች» ሲል እኔ «ፍሪሲዮን» እላለሁ። እሱ «ጊርቦክስ» ሲል እኔ «ካምቢዮ»፤ እሱ «ኤግዞስት» ሲል እኔ «ማርሚታ»። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ጣሊያኖቹ ትተውልን የሄዱት የጋራዥ ቋንቋ ቤታችን ውስጥ ይነገር ነበር። ከአዲስ አበባ የሄደው ጓደኛው በሳቅ ሞተ። «ማዘር፣ ሶማሌ ተራ ነው እንዴ ያደጉት?» አለኝ። ልጄ አባቱን ያጣው ገና ትምህርት ቤት ሳለ ነው። በዚያ ሳምንት አባቱ ይጠቀምባቸው የነበሩትን ቃላት አንድ በአንድ እየጠየቀ በዚያው ደብተር ጻፋቸው።

ሞተር መቀየር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሞተሩ የደከመ ስንት ታክሲና የጭነት መኪና ሌላ ሞተር ገብቶለት ዳግም ሠርቷል። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ለየብቻ የሚጻፈውም በከንቱ አይደለም። የልጄ መኪና የምትለየው ሰሌዳ የሌላት በመሆኑ ነው። ወደ ሱቅም ሆነ ወደ ሥራ አትሄድም። ከጋራዥ እስከ ሜዳ የምትጓዘው በተጎታች ላይ ተጭና፣ የጓደኛው ፒክአፕ እየሳባት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄዬ እዚህ ላይ መልስ አገኘ።

ከሞተሩ በፊት የተሠራው

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ፍሬን ነበር። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናዋ የምትሸከመው ኃይል በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ለማቆምም ያንኑ ያህል ኃይል ወደ ሙቀት መቀየር ግድ ይላል። ስለዚህ የጉልበትን ዜና የሚያወራ ልጅ ስለ ማቆሚያው ካላወራ ወላጅ መስጋት አለበት። የልጄን ደብተር ሳይ ግን ከሞተሩ በፊት የተጻፉት ገጾች ስለ ፍሬን ነበሩ። ሸራዎቹ ከፍተኛ ሙቀት የሚችሉ ናቸው። የፍሬን ዘይቱ በየጊዜው ይቀየራል፤ ምክንያቱም ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ያን ጊዜ ነጂው ፍሬን ሲረግጥ እግሩ ወደ ታች ዘልቆ ይሄዳል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፏል። እኛም የተከፈተ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደዚያው እንጽፍ ነበር።

ከፍሬኑ ቀጥሎ ዘይት አለ። ረጅም ኩርባ ላይ መኪናዋ በፍጥነት ስትዞር የሞተሩ ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል፤ ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ከሳበ ሞተሩ በሰከንዶች ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ የዘይት መያዣው ውስጥ ግድግዳዎች ተበይደውለታል። ከዚያ ራዲያተሩ በትልቅ ተቀየረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ያለ ቃል ሲሠራበት አየሁት።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ከሁሉም የከበደው ነው። መኪናዋ ብትገለበጥስ? ጣሪያዋ ሸራ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ከሻንሲው ጋር የተጠበቀ ወፍራም የብረት ቅስት ገብቷል። ቁመቱ በቂ መሆኑ የሚፈተነው በሚያስቅ ቀላል ዘዴ ነው። የመጥረጊያ እንጨት ከቅስቱ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ክፈፍ ይጋደማል፤ ነጂው የራስ ቁሩን አድርጎ ሲቀመጥ ራሱ ከእንጨቱ በታች መዋል አለበት። የልጄ ወንበር ለዚህ ሲባል ዝቅ ብሎ ከወለሉ ጋር ታስሯል። ቁመቱ ወደ አባቱ ስለሄደ ጥቂት ተቸግረው ነበር።

የራስ ቁሩን አዙሬ ውስጡን አየሁ። ኤስኤ 2020 የሚል የስኔል ድርጅት ማኅተም አለው። ይህ ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፒት ስኔል የተባለ ተወዳዳሪ የራስ ቁሩ ሳያድነው ቀርቶ በራስ ጉዳት ስለሞተ በስሙ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ስናይቭሊ የተባለ ሐኪም ነበር። ኤስኤ የሚለው ምልክት የራስ ቁሩ እሳትን መቋቋሙም እንደተፈተነ ያሳያል፤ ለሞተር ብስክሌት በተሠራው ላይ ይህ ፈተና የለም።

ከቁሩ ጎን ትከሻ ላይ የሚውል፣ አንገትጌ የመሰለ ጠንካራ ነገር አለ። ሀንስ ይባላል። ሐሳቡ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው የባዮሜካኒክስ ምሁር ሮበርት ሃባርድና ተወዳዳሪ የሆነው የዘመዱ የጂም ዳውኒንግ ነው። ሰውነት በቀበቶ ታስሮ ሳለ መኪና ከግድግዳ ጋር ቢጋጭ፣ ራስ ብቻ ወደፊት ይወረወራል፤ ያን ጊዜ የራስ ቅል መሠረት ሊሰበር ይችላል። ይህን ስብራት በሥራ ዘመኔ አውቀዋለሁ፤ ከዓይን ዙሪያ የሚጠቁረውን፣ ከጆሮ የሚወርደውን ፈሳሽ አይቻለሁ። ሀንስ የራስ ቁሩን በሁለት ጠፍር ይዞ ያንን መወርወር ይገታል። ዝነኛው አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት እ.ኤ.አ. የካቲት 2001 በዴይቶና ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ በዚሁ ዓይነት ስብራት ሞተ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ናስካር ራስንና አንገትን የሚይዝ መሣሪያ ግዴታ አደረገ፤ ፎርሙላ ዋንም በ2003 ሀንስን አስገዳጅ አደረገ። ልጄ ለዚህ ዕቃ ገንዘብ ያወጣው ሞተሩን ከመግዛቱ በፊት ነው። ደረሰኙን ሳልጠይቀው አሳየኝ።

ማለዳ በሰሚት ፖይንት

ሜዳው የደረስነው ጤዛ ሳይነሳ ነው። ዕለቱ የውድድር ቀን አልነበረም፤ ዋንጫም ሽልማትም የለም። ነጂዎች በክበብ ተደራጅተው ሜዳውን ይከራዩና እንደ ልምዳቸው በምድብ ተከፍለው በየተራ 20 ደቂቃ ያህል ይነዳሉ። ጀማሪ ብቻውን አይገባም፤ ከጎኑ አስተማሪ ይቀመጣል። ልጄ አሮጌ የቤት መኪናውን ይዞ እንዲህ ከአስተማሪ ጋር ሲማር ቆይቶ ነው ብቻውን እንዲነዳ የተፈቀደለት።

መጀመሪያ ምርመራ ነው። አንድ ሸበቶ ሰውዬ የእጅ ባትሪ ይዘው እያንዳንዱን መኪና ያያሉ። ባትሪው ታስሯል? የፍሬን መብራት ይሠራል? የጎማ ብሎኖች ጠብቀዋል? የሚንጠባጠብ ፈሳሽ አለ? ውስጥ የቀረ የላላ ዕቃ፣ ብዕር እንኳ ቢሆን፣ ይወጣል። የመጥረጊያውን እንጨት እዚያም አየሁት። ሰውዬው ልጄን ሁለት ጊዜ ከወንበሩ አስነስተው እንደገና አስቀመጡት። ከፔርሙሱ ቡና ቀድቼ ድፎ ዳቦ ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ አመስግነው በሉ፤ ምርመራውን ግን በዳቦ አላቀለሉትም።

ከዚያ የነጂዎች ስብሰባ አለ፤ ያልተገኘ አይገባም። የባንዲራዎች ትርጉም ይነበባል። ቢጫ ማለት ከፊት ችግር አለ፣ ቀስ በል፣ አትቅደም። ቀይ ማለት በሥርዓት ዳር ይዘህ ቁም። ጥቁር ወደ አንተ ከተጠቆመ ከሜዳው ውጣና ወደ መቆሚያው ና። መቅደም የሚቻለው በተወሰኑ ቀጥታ ቦታዎች ብቻ ነው፤ እሱም ከፊት ያለው ሰው እጁን አውጥቶ «እለፍ» ካለ ነው። ፈጣን መኪና ያለው ሰው የዘገየውን ፈቃድ ይጠብቃል ማለት ነው። በየኩርባው ባንዲራ የያዘ ሰው በሬዲዮ ይገናኛል፤ አምቡላንስም ሞተሩን አሙቆ ቆሟል። የአምቡላንሱን ሠራተኞች ሄጄ ሰላም አልኳቸው። ዕቃቸውንም በዓይኔ ቆጠርኩ፤ የሙያ ልማድ አይለቅም።

ልጄ ሲገባ ከአጥሩ ውጭ ካለው ከፍታ ላይ ቆምኩ። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚደርስ ነግሮኛል። ስታልፍ የምትመስለው የተወረወረ ድንጋይ ነው። ከኩርባው በፊት ፍሬን ሲይዝ አፍንጫዋ ወደ መሬት ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ትዞራለች፣ ከዛፎቹ ጀርባ ትሰወራለች፤ እኔም እስክትመለስ ትንፋሼን እይዛለሁ። አንድ ዙር ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ለእናት ግን ረጅም ነው። ከጎኔ የቆመችው የሌላ ልጅ እናት «የስንተኛ ጊዜሽ ነው?» አለችኝ። የመጀመሪያዬ መሆኑን ስነግራት እጄን ያዝ አደረገችው። የእሷ ልጅ የያዘው ሰማያዊ መኪና ሲያልፍ እኔም የእሷን ያዝኩ።

ጥቁሩ ባንዲራ

በሁለተኛው ተራ፣ አራተኛው ዙር ላይ፣ ከሚያታዋ ኮፈን ሥር ነጭ እንፋሎት ሲወጣ አየሁ። ከእኔ በፊት ግን ባንዲራ ያዡ አይቶ በሬዲዮ ተናግሯል። ጥቁር ባንዲራ ተውለበለበ፣ ወደ ልጄ ተጠቆመ። እጁን ከመስኮቱ አውጥቶ መገንዘቡን አሳየ፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ የሚንጠባጠበው ውኃ በሌሎቹ መንገድ ላይ እንዳይፈስ ዳር ዳሩን ይዞ ወጣ። ውኃ ከጎማ በታች ምን እንደሚያደርግ የዝናብ ወቅት ያየ ሰው ያውቀዋል።

ኮፈኑን ከፈቱት። ከሞተሩ ጀርባ ያለው የውኃ ቱቦ ማጥበቂያ ላልቷል። ጓደኛው ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጠበቀው፤ ውኃ ተሞላ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ጠብታ የለም። ሸበቶው መርማሪ መጥተው አዩና መግባት ከፈለገ በድጋሚ እንደሚመረምሩት ነገሩት። ሦስተኛው ተራ ሊጀምር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ጓደኛው «ጠብቋል እኮ፣ ግባ!» አለው። ለቀኑ የተከፈለው ብዙ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ እናቱ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ ቆማለች። እኔ አፌን አልከፈትኩም።

ልጄ እጁን ከቱቦው ላይ ሳያነሳ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ለምን እንደላላ ሳላውቅ አልገባም» አለና ጓንቱን አወለቀ።

በድንገተኛ ክፍል ለጀማሪ ነርሶች ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበረ፤ ትኩሳቱ ወረደ ማለት በሽታው ተገኘ ማለት አይደለም። ይህን ልጄ ከእኔ ይስማው ከመኪናዋ ይማረው አላውቅም። ዋሽንግተን ድረስ ይዤው የሄድኩት ትልቁ ጥያቄ ግን መኪናዋ ትቆማለች ወይ የሚል ብቻ አልነበረም። እሱ ራሱን ማቆም ይችላል ወይ የሚል ነበር። ጓደኛ እያበረታታው፣ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ሰው እያየው ማቆም ሲችል አየሁት።

ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት

ጓደኛው የሌሎቹን ተራ እያየ መኪናዋን ሊጭን ሲቀር፣ እኛ በልጄ የቤት መኪና ወደ ሃርፐርስ ፌሪ ሄድን። ከሰሚት ፖይንት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መንገዱ በቻርልስ ታውን በኩል ያልፋል፤ ከተማዋን የቆረቆረው የጆርጅ ዋሽንግተን ወንድም ቻርልስ ነው። ባርነትን በመሣሪያ ለማስወገድ የተነሳው ጆን ብራውን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1859 በሃርፐርስ ፌሪ የነበረውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ፤ ተማርኮ ለፍርድ ቀረበና በታኅሣሥ ወር በቻርልስ ታውን ተሰቀለ። ሃርፐርስ ፌሪ ላይ የሸናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር ይቀላቀላል። እዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው ሦስት ግዛቶችን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ዌስት ቨርጂኒያን፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን የቀረውን ጠየቅሁት። በተራ መንገድ ላይስ? «እማዬ፣ እዚያ ባንዲራ የሚያወጣልኝ ሰው የለም» አለኝ። ቃሉን ብቻ አላመንኩም፤ በመጣንበት መንገድ ሁሉ የፍጥነት መለኪያውን በጎን ዓይኔ ስከታተል ነበር። ከተፈቀደው ብዙም አላለፈም። ስለ ኢንሹራንስም ጠየቅሁት። የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም፤ ስለዚህ መኪናዋ ብትሰበር ኪሳራው የራሱ ነው። ያንን አስቦበት፣ ቢጠፋ ቤት ኪራዩን የማይነካ ገንዘብ ብቻ እንደሚያወጣ ነገረኝ። የሕክምና ኢንሹራንሱንም ወረቀት እንዲያነብ ቃል አስገባሁት። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ፤ ሜዳ በገባ ቀን ሁሉ ሲጨርስ ለእህቱ ይደውል።

ማታ ልጄ ሳትሰማ... አይ፣ ሰምታ ነው፤ እህቱ ራት እያቀረበች «ታዲያ አስቆምሽው?» አለችኝ። «ራሱ ቆመ» አልኳት፤ የቱቦውንም ነገር ነገርኳት። ብዙ አላጽናናትም። እኔም ቢሆን ፍርሃቴ ጠፋ አልልም፤ ሜዳው ላይም ሰው ይጎዳል፣ አምቡላንሱም የቆመው ለጌጥ አይደለም። ፍርሃቴ ግን መጠን አገኘ፤ የትኛውን ነገር መፍራት እንዳለብኝ አሁን አውቃለሁ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ ፎቶ ላከልኝ። ቱቦው አጥሮ ተቆርጦ ስለነበር፣ ሞተሩ ጉልበት ሲሰጥ ወደ ጎን በተነቀነቀ ቁጥር ማጥበቂያውን እየጎተተ ያላላው ነበር። ረዘም ያለ ቱቦ አስገብቷል። ከፎቶው ሥር በአማርኛ «ምክንያቱ ተገኘ» ብሎ ጽፎበታል።

ለወላጆች

በአዲስ አበባ ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ሲያስጮሁ ሰምቶ ከእንቅልፉ ያልነቃ ያለ አይመስለኝም። እነዚያም የሰው ልጆች ናቸው፤ ፍጥነት የሚወዱት እንደ ልጄ ነው። ልዩነቱ የሚያልፉበት መንገድ ላይ የሌላ ሰው ልጅም መኖሩ ነው።

ልጃችሁ እዚህም ይሁን ውጭ አገር ለመኪና ልቡ ካደላ፣ «ተው» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁት። መኪናው የት ነው የሚነዳው? ፍሬኑን መቼ ሠራው፣ ሞተሩን መቼ? የራስ ቁሩ የምን ማኅተም አለው? ከጎኑ ተቀምጦ ያስተማረው ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ መሄድ እየቻለ የተወው መቼ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ ያኔ አጥብቃችሁ ተናገሩ። መልስ ካለው ደግሞ አንድ ቀን አብራችሁት ሂዱ።

ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ የምትሄዱና ሰሚት ፖይንትን ማየት የምትፈልጉ፣ ማለዳ ተነሱ፤ ኮፍያና ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ ጩኸቱ ብርቱ ስለሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ሃርፐርስ ፌሪን ሳታዩ አትመለሱ። ቡናና ዳቦም ያዙ፤ ከአጥሩ አጠገብ ትንፋሿን ይዛ የቆመች ሌላ እናት አትጠፋም።